ምክር ቤቱ የሴቶች፣ መንበሩ የወንዶች

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በስቴት መንግሥት አመራር ላይ ስላሉ ሴቶች ነው። ግማሾቻችሁ መሪ ጨብጣችሁ፣ ግማሾቻችሁ ከሌሊት ፈረቃ ገብታችሁ ጫማ እያወለቃችሁ እንደምትሰሙን አውቃለሁና ቁጥር አላበዛባችሁም። አንድ ነገር ብቻ ላስቀድም፤ ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

የማወራችሁ ስለ ኔቫዳ ነው። አንደኛ፣ ላስ ቬጋስና አካባቢዋ የብዙ ወገኖቻችን ቤት ስለሆነ፤ ሁለተኛ፣ ነገሩ ራሱ ግራ የሚያጋባ ስለሆነ። በፌብሩዋሪ 2019 የኔቫዳ ምክር ቤት ሥራውን ሲጀምር ከ63 መቀመጫዎች 32ቱን የያዙት ሴቶች ነበሩ። ከዚያ በፊት በ2009 የኒው ሃምፕሸር ሴኔት ከ24 አባላቱ 13ቱ ሴቶች ሆነው ነበር፤ ያ ግን ከሁለቱ ቤቶች አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱም ቤቶች አንድ ላይ ሲቆጠሩ ሴቶች የበለጡበት የመጀመሪያው የአሜሪካ ስቴት ምክር ቤት የኔቫዳው ነው። ይህችው ኔቫዳ ግን በ1864 ስቴት ከሆነች ጀምሮ አንዲት ሴት አገረ ገዢ ኖሯት አያውቅም። ሕጉን የሚያወጣው ቤት በሴቶች ተሞልቶ፣ ሕጉ ላይ የሚፈርመው እጅ እስከ ዛሬ የወንድ ብቻ ነው።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት አጭር ማብራሪያ። ጆሯችንን የሚይዘው የዋሽንግተን ዜና ነው። ቤታችን ገብቶ የሚያድረው ግን አብዛኛውን ጊዜ የስቴቱ ሕግ ነው። የሰዓት ክፍያችሁ ዝቅተኛው ወለል ስንት እንደሆነ፣ አከራይ በስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ሊያስወጣችሁ እንደሚችል፣ ጋብቻና ፍቺ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ለልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የሚመደበው ገንዘብ፣ ይህ ሁሉ በአብዛኛው የሚወሰነው በስቴት ነው። በኔቫዳ ይህን የሚወስኑት 21 ሴናተሮችና 42 የአሴምብሊ አባላት ናቸው። የሚሰበሰቡት በየሁለት ዓመቱ፣ በጎዶሎ ቁጥር ዓመት፣ በካርሰን ሲቲ ነው፤ መደበኛ ስብሰባቸውም ከ120 ቀን አያልፍም።

የኔቫዳ ሴቶች የመምረጥ መብት ያገኙት በኖቬምበር 1914 ነው። ያንን መብት የሰጧቸው ወንዶች ናቸው፤ ድምፅ የሚሰጡት እነሱ ብቻ ስለነበሩ ጥያቄው የቀረበው ለእነሱ ነበር። ዘመቻውን የመሩት አን ማርቲን ይባላሉ፤ በስቴቱ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህርት የነበሩ ሴት ናቸው። አን ማርቲን በ1918 እና በ1920 ለአሜሪካ ሴኔት ተወዳድረው ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፉ። በዚያው በ1918 ምርጫ ግን ሴዲ ኸርስት የተባሉ የሬኖ ሴት አሴምብሊ ገቡ፤ በኔቫዳ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው። ለሴቶች በመላ አገሪቱ የመምረጥ መብት የሚሰጠውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ኔቫዳ እንድታጸድቅ በ1920 ሐሳቡን ያቀረቡትም እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው በኋላ ሴቶች በአንድ በሁለት እየሆኑ ገቡ። በምርጫ ሴኔት የገባች የመጀመሪያዋን ሴት ለማየት እስከ 1966 መጠበቅ አስፈልጓል፤ አንዲት ሴት የአሴምብሊው አፈ ጉባኤ ለመሆን ደግሞ እስከ 2007። እሳቸውም ባርባራ በክሊ ናቸው።

በ2018ቱ ምርጫ ሴቶች ወደ ግማሹ ተጠጉ፤ ግን አላለፉትም። ያሳለፋቸው ምርጫ ሳይሆን ሹመት ነው። በዲሴምበር በአሴምብሊው ሁለት መቀመጫዎች ክፍት ስለነበሩ የክላርክ ካውንቲ ኮሚሽን በሕግ በተሰጠው ሥልጣን ሁለት ሴቶችን ሾመ፤ ቁጥሩም 32 ሆነ። ታሪክ ሠራች የተባለችው ስቴት የመጨረሻውን ጡብ ያስቀመጠችው በካውንቲ ስብሰባ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ወደ አገር ቤት ልዝለቅ። በዚያው ሰሞን፣ በኦክቶበር 2018፣ አዲስ አበባ ላይ ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች የሆኑበት ካቢኔ ተዋቅሮ ነበር። ጥቂት ቀን ቆይቶም ወይዘሮ ሣህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ብዙዎቻችን በደስታ ስልክ ተደዋውለናል። የአዲስ አበባውንና የኔቫዳውን ግን አንድ አድርጎ ማየት አይገባም። የካቢኔ ሹመት በአንድ ቀን ይመጣል፤ በአንድ ቀንም ሊቀየር ይችላል። የኔቫዳው በመቶ ዓመት ቀስ እያለ የመጣ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት መቀመጫዎች በሹመት ቢሞሉም ከሥራቸው ሠላሳ የተመረጡ ሴቶች ነበሩ፤ በሚቀጥለው ምርጫም ቁጥሩ ወደ ኋላ አልተመለሰም፤ ወደ 60 በመቶ ገደማ ወጣ እንጂ።

እንዴት እዚህ ደረሱ? የምሁራኑን መልስ ከመስማታችን በፊት ማጊ ካርልተንን ላስተዋውቃችሁ። ወይዘሮ ካርልተን በላስ ቬጋስ ስትሪፕ ላይ በትሬዠር አይላንድ ሆቴል ቡና ቤት አስተናጋጅ ነበሩ፤ የኩሊነሪ ሠራተኞች ማኅበር አባል። ያው ብዙዎቻችሁ አባል የሆናችሁበት፣ የሆቴል አልጋ አንጣፊውን፣ ወጥ ቤቱንና አስተናጋጁን ያቀፈው ማኅበር ማለት ነው። በ1998 ለሴኔት ተወዳድረው አሸነፉ። ለ12 ዓመት ሴናተር ሆኑ። ከዚያ ወደ አሴምብሊ ተዛውረው ሌላ 12 ዓመት፣ እስከ 2022 ድረስ አገለገሉ። በ2019 የስቴቱን በጀት የሚመረምረው የአሴምብሊ ኮሚቴ ሰብሳቢ እሳቸው ነበሩ። በሴኔቱ በኩል ያለውን የበጀት ኮሚቴ የሚመሩት ደግሞ ጡረታ የወጡ የትምህርት ባለሙያ፣ ጆይስ ዉድሃውስ ነበሩ። የስቴቱ ገንዘብ በሁለቱም ቤቶች በሴቶች እጅ ያልፍ ነበር ማለት ነው። ለእኔ ከ32ቱ ቁጥር ይልቅ ትልቁ ነገር ይህ ነው። መቀመጫ መያዝ ድምፅ ይሰጣል። የቱ ረቂቅ ለውይይት ይቅረብ፣ የቱ መሳቢያ ውስጥ ይቅር የሚለውን የሚወስነው ግን የኮሚቴ ሰብሳቢ ነው።

የካርልተን 12 እና 12 ዓመት እንዲያው የመጣ አይደለም። የኔቫዳ መራጮች በ1990ዎቹ አጋማሽ የአገልግሎት ዘመን ገደብ አጽድቀዋል፤ ማንም ሰው በአንድ ቤት ከ12 ዓመት በላይ መቀመጥ አይችልም። ገደቡ መሥራት የጀመረው በ2010 ነው፤ ያኔ ዘመናት የተቀመጡ አባላት በአንድ ጊዜ ወጡ። ወንበር ላይ ያለን ሰው ከወንበሩ ማንሳት፣ ሴትም ትወዳደረው ወንድም ይወዳደረው፣ ከባድ ነው። ክፍት ወንበር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በዚህ አትሳሳቱ፤ ተመሳሳይ ገደብ ካላቸው ሌሎች ስቴቶች ብዙዎቹ ሴቶችን በብዛት አላገኙም። በሩ ሲከፈት ከደጁ የቆመ ተወዳዳሪ ከሌለ ሌላ ወንድ ይገባበታል።

ተወዳዳሪ ከየት ይመጣል? በአሜሪካ ይህን ጉዳይ ያጠኑ ተመራማሪዎች ደጋግመው ያገኙት ሁለት ነገር ነው። ሴቶች ከተወዳደሩ የማሸነፍ ዕድላቸው ከወንዶች አያንስም። የሚያንሰው ለመወዳደር የሚነሱት ሴቶች ቁጥር ነው፤ ለዚህም አንዱ ምክንያት፣ ተወዳደሪ ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው ከወንዶቹ ያነሰ መሆኑ ነው። ወንዱ መስታወት ሲያይ ሴናተር ይታየዋል ይባላል፤ ሴቷ ግን ብዙ ጊዜ ሽማግሌ ካልተላከባት አትነሳም። በኔቫዳ ሽማግሌ የሚልክ ተገኘ። የምክር ቤቱ ሴት መሪዎች ራሳቸው ሰው ፈለጉ፤ ኢመርጅ ኔቫዳ የሚባል ድርጅት ከ2006 ጀምሮ የዴሞክራቲክ ፓርቲ ሴቶችን ንግግር፣ ገንዘብ ማሰባሰብና የቤት ለቤት ቅስቀሳ አሠለጠነ፤ የሠራተኛ ማኅበራትም የራሳቸውን ሰው አቀረቡ። በዲሴምበር 2018 ከተሾሙት ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ቢያትሪስ ዱራን፣ በዚያው በኩሊነሪ ማኅበር የሠራተኞችን አቤቱታ የሚከታተሉ ነበሩ። ሌላዋ ሮሸል ንዊን ጠበቃ ናቸው። የሴቶቹ ቁጥር ከሪፐብሊካኑ ይልቅ በዴሞክራቶቹ በኩል በጣም የበዛውም ከዚህ የተነሳ ነው። ፈልጎ የሚጠይቅ ያገኛል።

እንቅፋቱ ደግሞ አለ። የኔቫዳ ምክር ቤት አባል ደሞዝ የሚከፈለው ለስብሰባው የመጀመሪያ 60 ቀናት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የውሎ አበል እንጂ ደሞዝ የለም። ከላስ ቬጋስ ካርሰን ሲቲ ከ400 ማይል በላይ ነው፤ በመኪና ሰባት ሰዓት ያህል። አራት ወር ሙሉ ሥራህን ትተህ፣ ሌላ ከተማ ቤት ተከራይተህ፣ ልጆችህን ለማን ትተህ ትሄዳለህ? ለወንዱም ጥያቄ ነው፤ የጠዋት ቁርስና የትምህርት ቤት መልስ በእጇ ላለ እናት ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። በ2018 የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ለኮንግረስ የምትወዳደር እናት በምርጫ ዘመቻ ምክንያት የሚመጣውን የልጅ ጠባቂ ወጪ ከዘመቻው ገንዘብ እንድትከፍል ፈቀደ። በርከት ያሉ ስቴቶችም ለራሳቸው ምርጫ ያንኑ ተከትለዋል። ትንሽ ነገር ይመስላል። ሞግዚት ፈልጋችሁ የምታውቁ ግን ትንሽ እንዳልሆነ ትመሰክራላችሁ።

(አጭር ሙዚቃ)

ተመልሰናል። ሴቶች በዙ እንበል፤ ታዲያ ምን ተለወጠ?

በ2019 ስብሰባ ያለፉትን አንዳንድ ሕጎች ላንሳ። 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው የግል ቀጣሪ ለሠራተኛው በዓመት እስከ 40 ሰዓት የሚከፈልበት ፈቃድ እንዲሰጥ ግዴታ ሆነ፤ ሕጉ ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ሠራተኛው ፈቃዱን ለምን እንደሚፈልገው የመናገር ግዴታ የለበትም። ልጅ ቢያመው፣ እናቱን ከአውሮፕላን ማረፊያ ቢቀበል፣ ለቅሶ ቢደርስ የራሱ ጉዳይ ነው። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ በ2024 12 ዶላር እንዲደርስ ተወሰነ። ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያን የሚያጠብቅ ሕግ ወጣ። የአስገድዶ መድፈር ወንጀል ተጠርጣሪው በዘረመል ምርመራ ከተለየ፣ ክስ የሚመሠረትበት የጊዜ ገደብ እንዲነሳ ተደረገ። ፅንስ ማቋረጥን በሚመለከት ከቆዩት የወንጀል ድንጋጌዎች ከፊሎቹ ተሰረዙ፤ ይህኛው ብርቱ ክርክር ያስነሳ ነው፤ በአድማጮቻችን መካከልም አቋማችሁ የተለያየ እንደሆነ አውቃለሁ።

እንግዲህ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እነዚህን ሕጎች ወንዶችም ደግፈዋቸዋል፤ የተቃወሙ ሴቶችም ነበሩ። ሴት ሁሉ አንድ ዓይነት ታስባለች ማለት ሴትን ከመናቅ አይተናነስም። በዚያ ዓመት ሁለቱም ቤቶችና የአገረ ገዢው ቢሮ በአንድ ፓርቲ እጅ ስለነበሩ ሕጎቹ ያለፉበትን ምክንያት ከፓርቲ ነጥሎ ለሴቶች ብቻ መስጠት አይቻልም። እኔ የማምንበት ከዚህ ጠበብ ያለ ነው። የሴቶቹ መብዛት የለወጠው የመጨረሻውን ድምፅ ሳይሆን የመጀመሪያውን ውይይት ነው። ምን ጉዳይ ይነሳ፣ በኮሚቴ ፊት ማን ቀርቦ ይመስክር፣ የተደፈረች ሴት ታሪኳን ስትናገር ማን ፊት ለፊቷ ይቀመጥ የሚለውን ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነኝ ደግሞ ሴቶች አብላጫ ከመሆናቸው ሁለት ዓመት በፊት የሆነ ነገር ነው። በጾታ ምክንያት መብት እንዳይነፈግ የሚለው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ በ1972 ከኮንግረስ ወጥቶ ለስቴቶች ተላከ። 38 ስቴቶች ማጽደቅ ነበረባቸው፤ 35ቱ ካጸደቁ በኋላ ነገሩ ከ1977 ጀምሮ ቆመ። አርባ ዓመት ሙሉ ያጸደቀ ሌላ ስቴት አልተገኘም። በ2017 ሴናተር ፓት ስፒርማን የተባሉ፣ ከአሜሪካ ጦር ሠራዊት በሌተና ኮሎኔልነት ጡረታ የወጡ ሴት፣ ጉዳዩን ኔቫዳ ምክር ቤት ውስጥ እንደገና አነሱትና አስጸደቁት። ኔቫዳ 36ኛዋ ሆነች። ሞቷል ተብሎ ፋይሉ የተዘጋ ጉዳይ ነበር፤ ለመነሳት የሚያስፈልገው የሚያነሳው ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ።

አሁን ወደ አገረ ገዢው መንበር እንምጣ። አንድ መቶ ዓመት ወደ ኋላ ብንሄድ፣ በጃንዋሪ 1925 ሁለት ሴቶች በሁለት ሳምንት ልዩነት አገረ ገዢ ሆኑ። በዋዮሚንግ ኔሊ ቴይሎ ሮስ፣ አገረ ገዢ የነበሩት ባላቸው ስለሞቱ፤ በቴክሳስ ሚርያም ፈርጉሰን፣ አገረ ገዢ የነበሩት ባላቸው ተከሰው ከሥልጣን ስለተባረሩና ዳግም እንዳይመረጡ ስለተከለከሉ። ቴክሳሶች አንዷን ሲመርጡ ሁለት እንደሚያገኙ በግልጽ ተነግሯቸዋል። ሦስተኛዋ በ1967 የአላባማዋ ለርሊን ዋላስ ናቸው፤ ባላቸው ጆርጅ ዋላስ በተከታታይ እንዳይመረጡ ሕጉ ስለከለከላቸው ሚስታቸውን አቀረቡ። በባል ስም ሳይሆን በራሷ ተመርጣ አገረ ገዢ የሆነች የመጀመሪያዋ ሴት በ1974 የተመረጡት የኮነቲከቷ ኤላ ግራሶ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ የምትገርመኝ ግን ካሮሊን ሸልተን ናት፤ የኦሪገን አገረ ገዢ ጸሐፊ የነበረች። በ1909 አገረ ገዢው ለአሜሪካ ሴኔት ተመርጦ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ፣ የሚተካው ሰው ታምሞ ስለነበር እሷ ለአንድ ቅዳሜና እሑድ ተጠባባቂ አገረ ገዢ ሆነች። ያኔ በኦሪገን ሴት ድምፅ መስጠት አትችልም ነበር። ስቴት ማስተዳደር ተፈቀደላት፤ መምረጥ ግን አልተፈቀደላትም።

ሌላው መንገድ ውርስ ነው። አሪዞና ከሌላው ስቴት ሁሉ በላይ አምስት ሴት አገረ ገዢዎች ነበሯት። ከአምስቱ ሦስቱ መጀመሪያ መንበሩ ላይ የተቀመጡት አገረ ገዢው ከቦታው ሲለቅ ተተክተው ነው። አሪዞና በዚያ ዘመን ምክትል አገረ ገዢ ስላልነበራት፣ ምርጫውንና የስቴቱን መዝገብ የሚመራው ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ነበር የሚተካው፤ በዚያ ቦታ ላይ ደግሞ ሴቶች ነበሩ። በሁለተኛው ደረጃ ላይ ሴት ካለች፣ የመጀመሪያው ክፍት ሲሆን ማን እንደሚወጣ አታውቁም። በኒውዮርክም በ2021 ካቲ ሆኩል የገቡት በዚሁ መንገድ ነው፤ ቀጥሎ ግን ራሳቸው ተወዳድረው አሸንፈዋል።

የኔቫዳ ሴቶች ሞክረዋል። በ2006 የሴኔቱ አናሳ ፓርቲ መሪ የነበሩት፣ አሁን የላስ ቬጋስ የኮንግረስ ተወካይ የሆኑት ዲና ታይተስ ለአገረ ገዢነት ተወዳድረው በጂም ጊቦንስ ተሸነፉ። ምክትል አገረ ገዢ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሆኑ ሴቶች ነበሩ። የመጨረሻው በር ግን አልተከፈተም። ለአሴምብሊ የሚመርጥህ 75 ሺህ ያህል ነዋሪ ያለው ቀጠና ነው፤ ደጅ ለደጅ ሊዳረስ ይችላል። ለአገረ ገዢነት ሚሊዮኖች የሚወጡበት የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ያስፈልጋል። መራጩም ሴትን ከብዙዎች አንዷ አድርጎ ለመቀበል ከሚቸገረው በላይ ብቻዋን አዛዥ አድርጎ ለመቀበል እንደሚቸገር የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ።

መንበሩ ለምን ይጠቅማል ለምትሉ፣ በ2023 የኔቫዳ አገረ ገዢ ጆ ሎምባርዶ ምክር ቤቱ ያወጣቸውን 75 ረቂቅ ሕጎች ሳይፈርሙ መለሱ። እስከዚያ ድረስ በስቴቱ ታሪክ በአንድ ስብሰባ ይህን ያህል ታይቶ አያውቅም ነበር። ትክክል ናቸው አይደሉም የሚለውን ለእናንተ ትቻለሁ። የተመለሰን ሕግ ለማጽናት በሁለቱም ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ሴቶቹ አብላጫ ስለሆኑ ብቻ አይገኝም።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በቨርጂኒያ ደግሞ በ2025 ምርጫ ነገሩ አስቀድሞ ያለቀ ነበር። ሁለቱም ታላላቅ ፓርቲዎች ያቀረቡት ሴት ነው፤ ዴሞክራቶቹ አቢጌይል ስፓንበርገርን፣ ሪፐብሊካኖቹ ጃማይካ የተወለዱትን፣ በወቅቱ ምክትል አገረ ገዢ የነበሩትን ዊንሰም ኧርል ሲርስን። ስፓንበርገር አሸነፉ። ከ1776 ጀምሮ አገረ ገዢ ያላት ቨርጂኒያ የመጀመሪያዋን ሴት አገኘች።

የእኛስ? በኒውዮርክ ሴኔት የሮቸስተር አካባቢን የሚወክሉት ሳምራ ብሩክ አባታቸው ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው። በ2020 ተመርጠው የሴኔቱን የአእምሮ ጤና ኮሚቴ መርተዋል፤ ከላይ ያልኩት የሰብሳቢ ወንበር ማለት ነው። በኔቫዳም በሩ ለእኛ ዝግ አይደለም፤ ለአሴምብሊ ለመወዳደር ዜግነት፣ 21 ዓመት ዕድሜና በስቴቱ የአንድ ዓመት ነዋሪነት ያስፈልጋል። ብዙ ቀጠናዎች ለአንድ ፓርቲ ያደሉ ስለሆኑ ውጤቱ የሚወሰነው በኖቬምበር ሳይሆን በጁን፣ በፓርቲው የውስጥ ምርጫ፣ በፕራይመሪው ነው፤ በፕራይመሪው የሚመርጠው ሰው ደግሞ ጥቂት ነው። በአንድ ቤተ ክርስቲያንና በአንድ መስጊድ የሚሰበሰብ ሰው ውጤት ሊቀይር የሚችልባቸው ቀጠናዎች አሉ።

ሁለቱን ሴቶች የሾመው የክላርክ ካውንቲ ኮሚሽን ምን ሥልጣን እንዳለው፣ ስትሪፑ የላስ ቬጋስ ከተማ ሳይሆን የካውንቲው ግዛት የሆነበትን ምክንያትም፣ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት እናወራለን።